ምዕራፍ ስድስት፦ ዱላው በማን እጅ ነው?

ሊቃውንቱ የሰውን ሥራ ሁሉ በሦስት ከፍለው ኀልዮ፣ ነቢብና ገቢር ይሉታል፤ ማሰብ፣ መናገርና ማድረግ ማለት ነው። ይህን ክፍፍል ያቆሙት አባቶች የተጨነቁት ስለ ነፍስ ድኅነት እንጂ ስለ ጨዋታ አልነበረም፤ ሆኖም እኔ በቴሌቪዥን መስኮት ላይ የሚካሄደውን የበረዶ ሆኪ ጌም ታሪክ በልዩ ልዩ መንገድ ልገልጸው ሞክሬ በመጨረሻ ያረፍኩት በዚሁ በአባቶች መለኪያ ላይ ነው። ጆይስቲክ የጨበጠ ሰው «አሁን ልምታ» ብሎ ካሰበበት ቅጽበት አንሥቶ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ምስለ ሰው መትቶ መረብ እስኪነቀነቅ ድረስ፣ በኀልዮና በገቢር መካከል አንድ መንገድ አለ፤ ያን መንገድ ምን ያህሉን የሰውየው ጣት ይሄድበታል፣ ምን ያህሉንስ ኮምፒዩተሩ ስለ እርሱ ይሄድለታል የሚለው የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ነው። በየዓመቱ አዲስ የሆኪ ጌም በወጣ ቁጥር «የአጨዋወት ለውጥ» እየተባለ የሚታወጀው ነገር፣ ስሙ ቢበዛና ማስታወቂያው ቢያምር፣ ተገልጦ ሲታይ የዚያን መንገድ ድንበር ወዲያ ወይም ወዲህ ማንቀሳቀስ ነው።

ሆኪን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ የቅርብ ምሳሌ የሚሆነው የገና ጨዋታ ነው፤ ጫፉ የቆለመመው ዱላ፣ ምድር ለምድር የምትነዳው ሩር፣ በሁለት ወገን የቆመው ጎረምሳ፣ ግፊያውና ሁካታው ሁሉ ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከእግር በታች ነው። በመስክ ላይ የሚሮጥ ሰው ሲሻው ይቆማል፣ ሲሻው ይታጠፋል፤ ስለታም ብረት የተገጠመለት ጫማ ተጫምቶ በበረዶ ላይ ለሚንሸራተተው ግን መሄድ ይቀልለትና መቆም ራሱን የቻለ ጥበብ ይሆንበታል። ካናዳውያን በሞንትሪያል ከተማ፣ በቪክቶሪያ የመንሸራተቻ አዳራሽ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1875 የመጀመሪያውን የተደራጀ ግጥሚያ በጣሪያ ሥር ካደረጉ ወዲህ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ሥርዓቱ እየጸና ሄዶ፣ ዛሬ በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ (ኤን ኤች ኤል) ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር፣ ጨዋታው ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ፣ ተሰላፊው በረኛውን ጨምሮ በየወገኑ ስድስት ሰው ሆኗል። በሩር ፈንታ የሚመታው ፓክ የሚባለው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ ነው፤ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 7.6 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ እንደ ልቡ እንዳይነጥር ከግጥሚያው በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲደርቅ ይደረጋል። እንግዲህ ፍጥነት ሁሉ ከተጫዋቹ ጋር የሚቀር፣ የተጀመረ ጉዞ በቀላሉ የማይቋረጥ፣ ዱላው የእጅ ተቀጥላ ሆኖ የሚኖር እንዲህ ያለ ጨዋታ ወደ ሁለት አውራ ጣት ሥራ ይመለስ ሲባል፣ ገንቢው ከእውነቱ ብዙውን ትቶ ጥቂቱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

የመጀመሪያዎቹ መራጮች የነበራቸው መሣሪያ እጅግ ድኻ ነበር። በ1981 አለን ሚለር ለአታሪ 2600 ሠርቶት አክቲቪዥን ባወጣው «አይስ ሆኪ» ላይ በየወገኑ የቆሙት አንድ አጥቂና አንድ በረኛ ብቻ ነበሩ፤ ጆይስቲኩም አንዲት ዘንግና አንዲት ቁልፍ ነበረው። በ1988 ኒንቴንዶ ባወጣው ጌም ተጫዋቹ ሰዎቹን ከሦስት ዓይነት ይመርጣል፦ ቀጭኑ ፈጣንና ደካማ፣ ወፍራሙ ዘገምተኛና ብርቱ፣ መካከለኛውም እንደ ስሙ። ይህ ምርጫ ብልኀት የተሞላበት ነበር፤ የእጅ ብልኀት ግን አልነበረም፤ የሰውየው አሳብ ከግጥሚያው አስቀድሞ በአሰላለፍ ላይ ይፈጸምና የቀረውን አብዛኛውን ነገር መኪናው ይረከበዋል።

መሠረታዊው ለውጥ የመጣው ከካሊፎርኒያው ኩባንያ ከኤሌክትሮኒክ አርትስ ነው። ይህ ኩባንያ በ1991 ለሴጋ ጀነሲስ የመጀመሪያውን የብሔራዊ ሊግ ሆኪ ጌሙን አወጣ፤ በ1993 ደግሞ፣ ጌሞቹ በመጪው ዓመት ስም ስለሚጠሩ «ኤን ኤች ኤል 94» የተባለውን አስከተለ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ ምስሉ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር የልጅ ሥዕል መስሎ እየታየ፣ ሰዎች ዛሬም ተሰብስበው ውድድር የሚያደርጉበት ጌም ይህ ነው። ለእንዲህ ያለ ዕድሜ ያበቃው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አንዲት ለውጥ ብቻ ቆም ብሎ መመልከት ይበቃል።

በእውነተኛው ሜዳ ላይ አንድ አጥቂ በአንደኛው ወገን ፓኩን ይዞ ይመጣል፤ በረኛው አካሉን ወደ እርሱ መልሶ፣ ስፋቱ 1.83 ሜትር የሆነውን ግብ በሚቻለው ሁሉ ሸፍኖ ይጠብቀዋል። አጥቂው አይመታም፤ ፓኩን በአግድም ወደ ጓደኛው ይልካል። ጓደኛውም ፓኩ ሳይደርስ ዱላውን አንሥቶ ይቆይና፣ በእግር ኳስ ሜዳ የተሻገረለትን ኳስ ሳያረጋጋ እንደሚመታ አጥቂ፣ በደረሰበት ቅጽበት ሳያቆመው ይመታዋል። በረኛው ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው ለመድረስ ያለው ጊዜ ፓኩ በአየርና በበረዶ መካከል የሚቆይበት ጊዜ ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ እያለ ይመታበታል። በ1993 የገባው ለውጥ ይኸው ነበር፤ ጆይስቲክ የያዘው ሰው ፓኩን ካቀበለ በኋላ፣ ፓኩ ለጓደኛው ሳይደርስ የመምቻውን ቁልፍ ከተጫነ፣ ተቀባዩ ሳያቆም ይመታል። ቁልፏ ያችው የቀድሞዋ ቁልፍ ናት፤ የተለወጠው ጊዜዋ ነው። ከዚያ በፊት ተጫዋቹ የሆነውን አይቶ ያዝዝ ነበር፤ አሁን ግን ያልሆነውን ቀድሞ ማየት፣ ፓኩ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ስለሚሆነው መፍረድ ግድ ሆነበት። ኀልዮው ከፓኩ ቀድሞ መድረስ አለበት። ምንም አዲስ ቁልፍ ሳይጨመር፣ ምንም ምስል ሳይታደስ፣ አንዲት የጊዜ ድንበር በመነቃነቋ ብቻ ጌሙ ከዐይን ጨዋታ ወደ ልቡና ጨዋታ ተሸጋገረ፤ እኔም በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከዚህች የሚበልጥ ብልህ ለውጥ አላየሁም።

በዚያው ጌም ላይ ተጫዋቹ ቢሻ በረኛውን ራሱ እንዲቈጣጠር ተፈቀደለት፤ ቀድሞ በገዛ ፈቃዱ ይንቀሳቀስ የነበረው በረኛ በሰው እጅ ገባ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በወጣው ጌም ላይ ደም ሳይቀር ይታይበት የነበረው ድብድብ ደግሞ በሊጉ ፈቃድ ተወገደ። ለሳን ሆዜ ሻርክስ ኦርጋን ይመታ የነበረው ዲተር ሩሌ በየከተማው አዳራሽ የሚሰማውን ዜማ ስላቀረበ፣ የየቡድኑ ሜዳ የየራሱን ድምፅ አገኘ። አንድ ስሕተትም አብሮ ገብቶ ነበር፤ በጀነሲሱ ቅጂ ውስጥ የሰውነት ክብደት ስሌት በመገልበጡ በግጭት ጊዜ ቀላሉ ሰው ከባዱን ይጥላል፤ ይህን ያወቁ ተጫዋቾች ዛሬም ቡድን ሲመርጡ ቀጫጭኖቹን ያስቀድማሉ። ሕገ ተፈጥሮ በጌም ውስጥ በአንድ የፕሮግራም መሥመር የሚጸና፣ በአንድ መሥመርም የሚፈርስ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር ማግኘት ይቸግራል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ምስሉ እየጠራ፣ የተጫዋቾቹ ፊት ከሰዎቹ ፊት ጋር እየተመሳሰለ ሄደ፤ እጅ ግን በአመዛኙ በነበረበት ቆየ። ለማቀበል አንድ ቁልፍ፣ ለመምታት አንድ ቁልፍ፣ ተከላካይን ለማታለል አንድ ቁልፍ። በሰፈር እግር ኳስ አብዶ የምንለውን ነገር ለመሥራት የሆኪው ሰው ዓመታት የፈጀ ልምምድ ያስፈልገዋል፤ የጌሙ ሰው ግን ቁልፉን ይጫናል፣ አስቀድሞ የተቀረጸው እንቅስቃሴም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይዛነፍ ይፈጸማል። ይህ እንደ ደጅ አዝማቹ ትእዛዝ ነው፤ ጌታው ያዝዛል፣ ሎሌው ይፈጽማል፤ ዱላው በሎሌው እጅ ነው።

ዱላው ወደ ሰው እጅ የተመለሰው በ2006፣ በቫንኩቨር አጠገብ በበርናቢ ከተማ በሚገኘው የኩባንያው ቅርንጫፍ ተሠርቶ ለኤክስቦክስ 360 በወጣው «ኤን ኤች ኤል 07» ነው። ከጌሙ አዘጋጆች አንዱ ዴቪድ ሊትማን ራሱ በሊጉ ለጥቂት ግጥሚያዎች በበረኛነት የቆመ ሰው ነበር። «ስኪል ስቲክ» የተባለው ሥርዓት በዚህ ጌም ሙሉ መልኩን ያዘ፤ አሠራሩም እንዲህ ነው፦ በጆይስቲኩ ላይ ካሉት፣ አናሎግ ከሚባሉት ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ግራው እግርን፣ ቀኙ ዱላን ይገዛል። ቀኙን አናሎግ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታወዛውዘው የተጫዋቹ ዱላ ፓኩን ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ ወደ ፊት ስትገፋው በእጅ አንጓ ኃይል ፈጥኖ ይመታል፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ ስበህ ቀጥሎ ወደ ፊት ስትገፋው ደግሞ ዱላው ከኋላ ከፍ ብሎ ይነሣና በሙሉ ኃይል ይወርዳል። ማቀበል ለብቻው በጠቋሚ ጣት ለሚሳበው ቁልፍ ተተወ። በዚህ ሥርዓት የአውራ ጣቱ እንቅስቃሴና የዱላው እንቅስቃሴ አንድ ቅርጽ አላቸው፤ የጣቱ መንገድ የዱላው መንገድ ምሳሌ ሆነ። ምሳሌና አማናዊ እንደሚባለው፣ ትንሹ ነገር የትልቁን መልክ ይዞ ተገኘ።

ይህ ለውጥ ያመጣውን ነገር ብዙ ሰው ከምቾት ጋር ብቻ ያያይዘዋል፤ እኔ ግን ትልቁን ፍሬውን የማየው በሌላ ስፍራ ነው። ቁልፍ ወይ ተጭነኸዋል፣ ወይ አልተጫንከውም፤ ከተጫንከው በኋላ ንስሓ የለህም። አናሎግ ግን በመነሻውና በመድረሻው መካከል ብዙ ማረፊያ ስላለው፣ አሳብህን በመንገድ ላይ ሳለህ ልትለውጥ ትችላለህ። ዱላህን ለመምታት ከኋላ አንሥተህ፣ ተከላካዩ መንገዱን ሊዘጋ በበረዶው ላይ ሲወድቅልህ አይተህ፣ ሳትመታ ወደ ጎን ጎትተኸው ልታልፍ ትችላለህ። በእውነተኛው ሜዳ ላይ ያለ ታላቅ ተጫዋች የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ የገባውን ቃል በግማሽ መንገድ መልሶ ይውጠዋል፣ ቃሉን ያመነው ተከላካይም ወድቆ ይቀራል። የእጅ ድርሻ በሰፋ መጠን ስሕተትም አብሮ መጣ፤ አውራ ጣቱ በጭንቀት የተንቀጠቀጠበት ሰው ፓኩ ይጠፋበታል፣ ዱላውን ሊያነሣ የዘገየም ይነጠቃል። መሳሳት የማይቻልበት ጨዋታ ደግሞ ብልጫም የማይታይበት ስለ ሆነ፣ ይህን ስሕተት እኔ ከትሩፋት እቈጥረዋለሁ።

እጅ ይህን ያህል ካገኘ በኋላ ተራው የሥጋና የእግር ሆነ። በ2010 የወጣው ጌም የአካላትን ግጭት እያንዳንዱን በቅጽበቱ የሚያሰላ የፊዚክስ ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ ዱላ መሰበር የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። እስከ 2011 ድረስ በረኛው ለአጥቂ እንደ ረቂቅ ፍጥረት የማይነካ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን እርሱም ግዘፍ ነሥቶ፣ ሲገፉት የሚናድ፣ ሲጋጩት የሚወድቅ ሆነ። እነዚህን በአጭሩ ማለፌ ጥቅማቸውን ንቄ አይደለም፤ ከእነርሱ በኋላ በ2012 የመጣው የመንሸራተት ለውጥ ስለሚበልጥብኝ ነው።

እስከዚያ ዓመት ድረስ የጌሙ ሰው በበረዶ ላይ የሚሄደው በሣር ላይ እንደሚሄድ ሰው ነበር። በሙሉ ፍጥነት እየገሰገሰ ሳለ አናሎጉን ወደ ጎን ብታዞረው ያለ ምንም ኪሣራ ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ሆኪን ሆኪ ያሰኘው ነገር፣ የተጀመረ ጉዞ በቀላሉ የማይሻር መሆኑ፣ ከጌሙ ጐድሎ ቆይቷል። በ«ኤን ኤች ኤል 13» አዘጋጆቹ ከ1,000 በላይ አዳዲስ እንቅስቃሴዎችን ጨምረው የመንሸራተቱን ሥርዓት በፊዚክስ ሕግ ላይ መሠረቱት። ፈጥኖ የሚመጣ ሰው ለመታጠፍ ሰፊ ቅስት ያስፈልገዋል፤ በጠባቡ ለመታጠፍ የሻ አስቀድሞ ፍጥነቱን መክፈል አለበት፤ ከቆመበት የሚነሣ ሙሉ ኃይሉን እስኪያገኝ ጥቂት እርምጃ መግፋት ይኖርበታል። ጌሙን ለዓመታት የተጫወቱ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እጃቸው እንደ አዲስ ሰው እጅ ተሳሰረባቸው፤ የለመዱት ፓኩን እያዩ መሄድ ነበርና፣ አሁን ግን ፓኩ ከሦስት ሰከንድ በኋላ የሚገኝበትን ስፍራ እያሰቡ ቅስታቸውን ካልጀመሩ በቀር ሁልጊዜ ዘግይተው ይደርሳሉ። በ1993 በአንዲት ምት ላይ የተጠየቀው ቀድሞ የማየት ነገር በ2012 በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ተጠየቀ። ይህም ማለት እውነተኛውን የበረዶ ሕግ ማስገባት ለመኪናው ተጨማሪ ሥራ የሰጠውን ያህል ለሰውም ተጨማሪ ፍርድ ሰጠው፤ መልካም ለውጥ እንዲህ ያለ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በ2014፣ በጊዜው አዲስ ለነበሩት ለፕሌይስቴሽን 4ና ለኤክስቦክስ ዋን የተሠራው ጌም በምስሉ ጥራት ዐይን ቢያስደንቅም፣ ጓደኛሞች ክበብ መሥርተው በኢንተርኔት በኅብረት የሚጫወቱበትን ክፍል ሳይዝ በመውጣቱ ብዙ ወዳጆቹን አሳዘነ። ዐይን ጠግቦ እጅ ሊራብ እንደሚችል ያ ዓመት አሳይቷል። አሁን በዝርዝር ልናገርለት የምወደው ግን በኦክቶበር 2023 የወጣው «ኤን ኤች ኤል 24» ነው፤ ምክንያቱም በዚህ በአንድ ጌም ውስጥ የድንበሩ መነቃነቅ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ስለ ተፈጸመ፣ አንዱን እንደማመሰግን ሌላውን ለመንቀፍ እገደዳለሁ።

የማመሰግነው ድካምን የሚመለከተውን ነው። በእውነተኛው ሆኪ አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ በሜዳው ላይ የሚቆየው ከአንድ ደቂቃ በታች፣ ብዙውን ጊዜም 45 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በሙሉ ኃይሉ ተንሸራትቶ ወደ ተጠባባቂው ወንበር ይመለሳል፣ ጨዋታው ሳይቆም ሌላው አጥሩን ዘሎ ይገባል። ስለዚህ በገዛ ክልሉ ተከብቦ ፓኩን የክልሉ ድንበር ከሆነው ከሰማያዊው መሥመር አሻግሮ ማውጣት ያቃተው ቡድን ሰዎቹን ለመቀየር ጊዜ አያገኝም፤ ሳንባቸው እየነደደ፣ እግራቸው እየከበደ እዚያው ይታሰራሉ። ጨንቆት ፓኩን ዝም ብሎ ከግማሽ ሜዳው ወዲያ እስከ ተጋጣሚው ጫፍ ቢሰድደው ጥፋት ይሆንበትና፣ ከ2005 ወዲህ በጸናው ደንብ መሠረት፣ ያንኑ የደከመ አሰላለፉን ሳይቀይር ጨዋታው በገዛ ክልሉ እንደገና ይጀመራል። ግቦች የሚቈጠሩት ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው፤ ግቡን ያገባው ሰው ስም ይመዘገባል፣ ግቡን የወለደው ግን ያ የአንድ ደቂቃ መከራ ነው።

ከ«ኤን ኤች ኤል 24» በፊት የነበሩት ጌሞች የእያንዳንዱን ሰው ድካም ቢቈጥሩም ይህን የከበባ ጭንቀት አልገለጹትም ነበር። ይህ ጌም ግን አጥቂው ቡድን በተጋጣሚው ክልል ፓኩን ይዞ በቆየ መጠን እየሞላ የሚሄድ የጫና መለኪያ አቆመ፤ መለኪያው ሲሞላ አጥቂዎቹ ብርታት ያገኛሉ፣ ተከላካዮቹ ይዝላሉ። ለበረኛውም የራሱን ድካም ሰጠው፤ ምት በምት ላይ እየተደራረበ በመጣበት ቁጥር መመለሱ ይሳነዋል። ከዚህ የተነሣ ትዕግሥት ዋጋ አገኘ። ቀድሞ ፓኩን ባገኘበት ሁሉ ወደ ግብ ይሰድድ የነበረው ችኩል እጅ አሁን ፓኩን ወደ ኋላ መልሶ በመሥመሩ ላይ ላለው ጓደኛው፣ ከእርሱም ወደ ሌላው ወገን እያዞረ፣ ከበባውን ማጽናት እንደሚበልጥ ተማረ። በእርግጥ በመስኮቱ ላይ የሚሞላ መለኪያ በእውነተኛው ሜዳ የለም፤ በዚያ ጭንቀቱን የሚያሳውቁት የተከላካዩ ትከሻና የሕዝቡ ጩኸት ናቸው። ይሁን እንጂ አውራ ጣት የሌላውን ሰው ትንፋሽ ሊሰማ ስለማይችል፣ ረቂቁን ነገር በግዙፍ ምልክት መግለጽ ለገንቢው የተገባ ነው።

የምነቅፈው ደግሞ ይህ ነው። በ1996 በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ማይክ ሌግ ከሚኔሶታ ጋር በተደረገ ግጥሚያ ከግቡ ጀርባ ቆሞ ፓኩን በዱላው ምላስ ላይ አነሣው፤ ጠፍጣፋውን ጎማ በጠባቡ እንጨት ላይ እንደ እንቁላል ተሸክሞ፣ ቋሚውን ዞሮ፣ ከበረኛው ትከሻ በላይ ከአግዳሚው ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ወዲህ ይህ ሥራ «ሚሺጋን» ተባለ። በብሔራዊው ሊግ ግጥሚያ ይህን ፈጽሞ ግብ ለማግባት የበቃው የመጀመሪያው ሰው የካሮላይና ሃሪኬንስ ወጣት አንድሬ ስቬችኒኮቭ ነው፤ ቀኑም ኦክቶበር 29 ቀን 2019፣ ተጋጣሚውም ካልጋሪ ነበር። በሁለቱ መካከል ሃያ ሦስት ዓመት አለ። በዓለም ላይ ያሉ ምርጥ ተጫዋቾች በተሰበሰቡበት ሊግ ሃያ ሦስት ዓመት የፈጀው ነገር አሳቡ ስላልታወቀ አልነበረም፤ ልጆች ሁሉ በልምምድ ሜዳ ይሞክሩት ነበር፤ ተከላካይ በጀርባህ እየገፋህ፣ በረኛ ዱላህን እየመታህ፣ በሙሉ ፍጥነት ገቢር ማድረጉ እንጂ። ኀልዮ በአንድ ቀን ይወለዳል፤ ገቢር ትውልድ ሊፈጅ ይችላል።

«ኤን ኤች ኤል 24» ይህን ሥራ በቀላል የቁልፍ ጭነት የሚፈጸም አደረገው። አስቀድሞ በነበሩት ጌሞች አናሎጉን እያጠማዘዙ በብዙ ልምምድ ይደረስባቸው የነበሩ ብዙ የአብዶ ዓይነቶችም እንዲሁ በቀላሉ የሚገኙ ሆኑ። አዘጋጆቹ ያቀረቡት ምክንያት፣ ጌሙ ለአዲስ ተጫዋች እንዲቀልል መፈለጋቸው፣ የሚናቅ አይደለም፤ እኔም እጁ በሕመም የደከመ ሰው፣ ወይም ከልጁ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ጆይስቲክ የጨበጠ አባት፣ ዱላውን ወደ ጎን ለማወዛወዝ አንዲት ቁልፍ ቢበቃው ደስ ይለኛል። ለእንዲህ ያለው ሰው ግን ለብቻው የተለየ የአጨዋወት ምርጫ ማቆም ይቻላል፤ ይኸው ኩባንያ በ2013 የ«ኤን ኤች ኤል 94»ን ሃያኛ ዓመት ሲያከብር ጥቂት ቁልፍ ብቻ የሚያስፈልገውን የጥንቱን አጨዋወት በአዲሱ ጌም ውስጥ ራሱን በቻለ ክፍል አቅርቦት ነበር፤ ለፈለገው ተሰጠ፣ ላልፈለገው አልተጫነበትም። በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ግጥሚያ ላይ፣ አንዱ ዱላውን በአውራ ጣቱ እየቀረጸ ሌላው በሎሌው እያስቀረጸ ሲጋጠሙ ግን፣ የሰውና የሰው ጨዋታ የነበረው የሰውና የመኪና ጨዋታ ይሆናል። ሌላም ጉዳት አለ። ሁሉም ሰው «ሚሺጋን»ን በየግጥሚያው በሚሞክርበት ጌም ያ ሥራ መደነቂያነቱን ያጣል፤ የሌግ ዱላ በቶሮንቶው የሆኪ ቤተ መዘክር መቀመጡ ለምን እንደ ሆነ ከዚህ ጌም ሆኪን የተማረ ልጅ ሊገባው አይችልም። ለልጁም፣ ለሌግም፣ ሃያ ሦስት ዓመት በልምምድ ሜዳ ለሞከሩትም ሁሉ አዝናለሁ።

ያም ሆኖ እጅ ሁሉንም አልተቀማም። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኖቹ ግብ ሲለዋወጡ የተጠባባቂው ወንበር ባለበት ስለሚቀር፣ የሚከላከለው ወገን ከገዛ ክልሉ እስከ ወንበሩ ያለው መንገድ ይረዝምበታል፤ ለዚህ ነው አሠልጣኞች ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ የሚፈሩት፤ በዚሁ ጌምም እንዲሁ ነው። በዚያ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰዓት ገጠመህ እንበል፦ የጫናው መለኪያ ሞልቷል፤ በረኛው ምት መልሶ በጉልበቱ ላይ ነው፤ አምስቱ ሰዎችህ ከደቂቃ በላይ ቆመዋል። ፓኩ በአጋጣሚ በሜዳው ጥግ ባለው በተከላካይህ ዱላ ላይ አርፏል። ወደ ተጋጣሚው ጫፍ ብትሰድደው ጥፋት ነው፣ ሰው መቀየርም አይፈቀድልህም፤ በመካከል ላለው ጓደኛው ቢያቀብለው ሊነጠቅ ይችላል፤ በአጥሩ ጥግ ለጥግ አድርጎ እስከ ሰማያዊው መሥመር ብቻ ቢያወጣው ደግሞ አንድ ሰው ለመቀየር ሁለት ሰከንድ ታገኛለህ። አጥቂው እየደረሰ ነው፤ ቀኙ አናሎግ ከአውራ ጣትህ ሥር አለ፤ ለዚህች ነገር የተሠራ አቋራጭ ቁልፍ የለም።